መሣሪያው ታሟል

መሪጌታ ልሳነወርቅ እንግዳ ዘወትር ጠዋት ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ጫማቸውን ደረጃው ላይ ቆመው ያጠልቁና፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ግቢውን በዝግታ አቋርጠው፣ ከጽዶቹ ሥር ወዳለችው ባለ ሁለት መስኮት ጽሕፈት ቤት ያመሩ ነበር። ቁልፉ ከማዕተባቸው ጋር ካንገታቸው ታስሮ ይውላል። በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት፣ ኮምፒዩተሩ የተሸፈነበትን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶች መስቀል የጠለፉበትን ነጭ ጨርቅ አንሥቶ ባራት ማጠፍ ነው። ከዚያ በስመ አብ ብለው ጠረጴዛው ላይ በስተቀኝ የቆመውን የብረት ሣጥን ማብሪያ ይጫናሉ። መሣሪያው አሮጌ በመሆኑ እስኪነቃ ድረስ ዐሥር አቡነ ዘበሰማያት ያስደርሳል፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ የማራገቢያውን ለስላሳ ሹክሹክታ እያዳመጡ ይጠብቃሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲደረግ፣ ያ ሣጥን ከዚያ ሹክሹክታ በቀር ሌላ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም።

በውስጡ የሚኖረው የዋርካ አምባ መድኃኔዓለም ደብር የሙታን መዝገብ ነው። አሮጌው መዝገብ በምስጥ ሲበላ፣ ከጥፋት የተረፈውን ስም ሁሉ መሪጌታ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ፣ ሁለት ክረምት ደክመው ወደ ኮምፒዩተሩ አግብተውታል። በደብሩ ልማድ ሰው ሲሞት ቤተ ዘመዱ የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ ይሰጣል፤ መሪጌታም በመዝገቡ ያሰፍሩታል፤ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ስሙ ከሌሎቹ ጋር ታትሞ ይወጣና ቀዳሹ ካህን በቅዳሴው መካከል ያነብበዋል፤ ሕዝቡም ስለዚያች ነፍስ እግዚኦ ይላል። በዝርዝሩ የሌለ አይጠራም። ስለዚህ ያገሩ ሰው፣ «የዋርካ አምባ ሟች ሁለት በር ያልፋል፤ አንዱ የመቃብሩ፣ ሁለተኛው የመሪጌታ ልሳነወርቅ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። መሪጌታ ቀልዱን ሲሰሙ አይቆጡም፤ ደስ ይላቸው ነበር።

የክርስትና ስም ደግሞ በአደባባይ የሚውል ነገር አይደለም፤ ከልብስ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሰው ካርባ ዘመን ባልንጀራው ጋር ሲበላ ሲጠጣ ኖሮ፣ የክርስትና ስሙን ሳያውቅ ይቀብረዋል። የመሪጌታን ስም፣ አጽቀ ሥላሴን፣ የሚያውቁት እናታቸውና የንስሐ አባታቸው ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ዐርፈዋል። የየኔታ ፈንታን ስም ግን መሪጌታ አያውቁም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለጉም።

የኔታ ፈንታ የደብሩ የአቋቋም መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው ከዛፍ ወድቀው ግራ እግራቸው ያነክስ ስለ ነበር፣ መቋሚያቸውን ሲጥሉም ምታቸው ያነክሳል፤ ሁለቱ ይጣደፋሉ፣ ሦስተኛው ዘግይቶ ይወድቃል። በዋርካ አምባ ማኅሌት ላይ የሳተ መሪ በአፍ አይታረምም። ዐዋቂው መቋሚያውን ሦስት ጊዜ ወለሉ ላይ ያንኳኳል፤ የሳተው ከመነሻው ይመልሳል፤ ካልተቃናለት እንደገና ሦስት ይንኳኳበታል፤ እስኪያቀናው ድረስ ዕረፍት የለውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በጽጌ ማኅሌት፣ የሀገረ ስብከቱ እንግዶች ተደርድረው ቆመው ሳለ፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ አንዲት ዜማ ሳቱ። ሁለት የተጣደፈ፣ አንድ የዘገየ። መለሱ፤ ሳቱ። ሁለት የተጣደፈ፣ አንድ የዘገየ። ሰባት ጊዜ መለሱ፤ በሰባተኛው ከእንግዶቹ አንዱ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። ያን ዓመት የመምህርነቱ ወንበር ለየኔታ ፈንታ ሆነ፤ መሪጌታም ጽሕፈት ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ቆመው አስቀድሰዋል፣ አንድ ጾም ጾመዋል፣ በአንድ ጽዋ ማኅበር ተቀምጠዋል፤ አንዲት ቃል ግን አልተለዋወጡም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት መሪጌታ ለሌላው ሰው ሲተርቱት ብዙ ጊዜ ይሰማ ነበር።

የኔታ ፈንታ ግንቦት ዐሥራ ስምንት ቀን ዐረፉ። ሚስታቸው ወይዘሮ አንጓች ከቀብር መልስ የክርስትና ስማቸውን ያስጻፉበትን ወረቀት አጥፈው ለመሪጌታ ሰጡ። መሪጌታ «እግዜር ያጥናዎ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወረቀቱን ግን አልከፈቱትም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ጧፍ ለኩሰው አቃጠሉት፤ ዐመዱንም በመስኮቱ እፍ አሉት። ከዚያም እጃቸውን ታጥበው መቁጠሪያቸውን አነሡ።

አርባው ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ዋለ። በማግስቱ ወይዘሮ አንጓች፣ ጥቁር ሻሻቸው በዝናብ ርሶ ካናታቸው እንደ ተጣበቀ፣ በጽሕፈት ቤቱ ደፍ ላይ ቆሙ።

«መሪጌታ፣ ትናንት ስሙ አልተጠራም።»

«ተጠርቶ ይሆናል እንጂ እናቴ። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ አልሰሙት ይሆናል።»

«እኔ ከዚያ ሌላ የምሰማው ምን አለኝ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሮዬ ስቆጥር ነው የቆምኩት። ሃያ ሰባት ሰው ተጠራ። እሱ የለበትም።»

መሪጌታ ዐይናቸውን ከሴትዮዋ ፊት አንሥተው የሚያሳርፉበት አጡ፤ መጨረሻ ላይ ሣጥኑ ላይ አሳረፉት። «መሣሪያው ታሟል» አሉ። «አንዳንድ ጊዜ ስም ይበላል። ምን እናድርገው፤ የሰው እጅ የሠራው ነው።»

ወይዘሮ አንጓች ሣጥኑን አዩት። «የታመመ ያቃስታል» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸ ምንም ሲል አልሰማሁት።»

«ሕመሙ የውስጥ ነው።»

«እንግዲያስ ያሳክሙት። ሰማንያው ነሐሴ ስምንት ነው። እኔም ጉልበቴ ደክሟል፤ ስሙ ሳይጠራ ብሞት እዚያ ምን ብዬ አየዋለሁ? ወይስ ስሙን አሁን ልድገምልዎ?»

«አያስፈልግም» አሉ መሪጌታ። «አለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ጨርቁን አንሥተው፣ ባራት አጥፈው፣ ማብሪያውን ተጭነው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ስድስተኛውን አቡነ ዘበሰማያት ሲጀምሩ ከሹክሹክታው ሥር አንድ ነገር ጠቅ አለ። ጥፍር በጣሳ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማ ያለ፣ ከቁም ነገር የማይገባ ድምፅ ነበር። ዐይናቸውን ገለጡ፤ ዝም አለ። ጨፈኑ፤ ጠቅ አለ። «አይጥ ናት» ብለው መልሰው ጸሎታቸውን ከመነሻው ጀመሩ፤ ያን ዕለት ግን መሣሪያው እስኪነቃ የተደገመው አቡነ ዘበሰማያት ስንት እንደ ነበር ማስታወስ አልቻሉም።

ሐምሌ በዚህ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲያጓራ እየዋለ፣ ድምፁ ከቀን ወደ ቀን ከጥፍር ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ጉልጥምት አደገ። መሪጌታ ኮምፒዩተሩ ሲመጣ በሦስት ሳምንት ሥልጠና የተማሩትን ሁሉ አደረጉ። አቧራውን በላባ ጠረጉ። ሣጥኑ ያዘነበለ መስሏቸው ካንዱ ጥግ ሥር ካርቶን ሸጎጡ። ከጠረጴዛው አውርደው በርጩማ ላይ አኖሩት፤ ድምፁ ከጠረጴዛው ይልቅ በበርጩማው ላይ ስለ ጎላ መለሱት። ከመስኮቱ አራቁት፤ ወደ መስኮቱ አቀረቡት። የሽቦዎቹን ጫፍ እየነቀሉ መልሰው ሰኩ። አንድ ነገር ባደረጉ ቁጥር ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ይልና፣ ልባቸው ሲያርፍ፣ እጃቸውም ወደ መቁጠሪያው ሲዘረጋ፣ ያን ጊዜ ጠብቆ ይመለሳል። እንደ ጠላት ጊዜ የሚመርጥ ድምፅ ነበር።

ቄሰ ገበዝ ይትባረክ አንድ ቀን በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው፣ «መሪጌታ፣ ዶሮ ነው እንዴ እዚያ ሣጥን ውስጥ ያስታቀፉት?» ብለው ሳቁ።

«ማራገቢያው ነው።»

«ለፋሲካ ብናርደው ይሻለን ነበር» ብለው እየሳቁ ሄዱ። መሪጌታ አልሳቁም። ቄሰ ገበዙ ሲስቁ ድምፁ ቆሞ ነበርና፤ ዞር ሲሉ ቀጠለ።

በሐምሌ መጨረሻ ከመናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር የምትጠግነውን ትርንጎን አስጠሩ። ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላት የከተማው እንግዳ ናት፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙ ያላለፈ፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም ከእጇ የማይዘገይ። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አኑራ ተንበረከከች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው መሪጌታ?»

«ከሰኔ መጨረሻ።»

«ያን ጊዜ ምን ተደርጎ ነበር? ወድቆ? ውሃ ነክቶት?»

«ምንም አልተደረገም፣ ልጄ።»

«ሁሉም እንዲህ ይላሉ» አለች ብሎኑን እየፈታች። «ምንም አልተደረገም ይሉኛል፤ ስከፍተው የፈሰሰ ሻይ አገኛለሁ። ያለ ምክንያት የሚጮኽ ዕቃ የለም።»

የሣጥኑን ጎን አንሥታ ወደ ግድግዳው አስደገፈችው። ከውስጡ የወጣው ሽታ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አልነበረም። በክረምት አካፋ ሲገለብጠው የሚወጣ፣ ሥር የተበጣጠሰበት፣ የረጠበ የቀይ አፈር ሽታ ነበር። ትርንጎ አፍንጫዋን ጨመቀች። «መሬት መሬት ይሸታል» አለች፤ ወለሉን ዳበሰችው፤ ደረቅ ሲሚንቶ ነው። መሪጌታ ሽታውን ያውቁታል፤ ባለፈው ግንቦት ዐሥራ ዘጠኝ ቀን በአንድ ጕድጓድ አፋፍ ቆመው ነበርና።

መሪጌታ አቧራውን በላባ ከጠረጉ ገና ሁለት ሳምንት ነው፤ የሣጥኑ ወለል ግን እንደ ዐመድ በላመ ግራጫ አቧራ ጣት ሙሉ ተሸፍኖ ነበር። በአቧራው ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ክብ ጉድጓዶች ታትመው ይታያሉ፤ አንድ ሺሕም ሁለት ሺሕም ይሆናሉ። ሁሉም ሦስት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ተጠጋግተው፣ ሦስተኛው ፈንጠር ብሎ። መሪጌታ አዩአቸው፤ ሳያስቡትም የገዛ መቋሚያቸውን ጫፍ አዩ። ትርንጎ በብሩሽ ጠርጋ ጣለቻቸው።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ማራገቢያውን ነቀለች፤ ድምፁ አለ። ስሞቹ ሁሉ የተጻፉበትን ሃርድ ዲስክ ነቀለች፤ የመፍቻዋን እጀታ ጆሮዋ ላይ፣ ጫፉን ብረቱ ላይ አድርጋ እንደ ሐኪም አዳመጠች፤ ድምፁ አለ፤ ከዲስኩ ግን አይደለም። ከቦርሳዋ ሌላ ማራገቢያ፣ ሌላ ኃይል ማከፋፈያ አውጥታ ቀየረች።

«ይህ ለምን ይሆናል?» አሉ መሪጌታ።

«አንድ ዕቃ ሲያጠራጥርዎ፣ ጤነኛ መሆኑን እርግጠኛ የሆኑበትን ሌላ በቦታው አስገብተው ይሞክሩ። በጤነኛውም ድምፁ ካለ፣ ጥፋቱ የዚያ ቦታ አይደለም። ዝም ካለ ግን ጥፋቱን አገኙት ማለት ነው።»

ዝም አላለም። ትርንጎ ዋናውን ሽቦ ከግድግዳው ነቀለች፤ መሰኪያውን በእጇ ይዛ፣ ከተከፈተው ሣጥን ፊት ተቀመጠች። ከሣጥኑ ውስጥ፣ ምንም ከማይዞርበት፣ ምንም ከማይበራበት፣ ሁለት የተጣደፈና አንድ የዘገየ ምት ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እሷ መሰኪያውን ይዛ ሳለች አራት ጊዜ ተመላለሰ።

«መሪጌታ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ቀንሷል። «ይኼ ነገር ያነክሳል።»

«ምን አልሽ?»

«ምቱ። ሁለቱን ቶሎ ቶሎ ይላል፤ አንዱን ይጎትተዋል። እግሩን እንደሚጎትት ሰው።»

ትርንጎ መልሳቸውን ሳትጠብቅ የነቀለችውን ሁሉ ወደ ቦታው አስገባች። ጎኑን መልሳ ገጥማ ሦስቱን ብሎን አሠረች፤ አራተኛውን ለመፈለግ አልቆየችም። ከደፉ ላይ ሆና፣ «እኔ የምጠግነው የተበላሸ ዕቃ ነው» አለች። «እሱ አልተበላሸም። የተበላሸውን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።» እጅ ሳትነሣ ሄደች።

ፍልሰታ ገባ። መሪጌታ ጠበል አምጥተው በጨርቁ ላይ ረጩ፤ ጨርቁ ሳይደርቅ ሻገተ። ድምፁ ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ድረስ የተከተላቸው አይመስልም ነበር፤ ይልቅ እሳቸው ናቸው በየመንገዱ፣ በየማዕዱ የሚጠብቁት። ሰው በር ሲያንኳኳባቸው ሦስተኛውን ምት እስኪሰሙ እስትንፋሳቸውን ይይዛሉ። ማኅሌት ቆመው መቋሚያ ሲወድቅ ፊታቸው ይገረጣል። በልባቸው ግን ያደገው ጸጸት አልነበረም፤ ቁጣ ነበር። ሞቶም ያርመኛል እንዴ ይሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አልበቃውም እንዴ።

ነሐሴ ስምንት ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ወርዶ ነበር። በፍልሰታ ቅዳሴው የሚገባው በስድስት ሰዓት በመሆኑ፣ መሪጌታ ዝርዝሩን ለማተም በሦስት ሰዓት ጽሕፈት ቤቱን ሲከፍቱ ውስጡ ቀን አይመስልም፤ የመስኮቶቹ መስታወት በዝናቡ ታውሯል። ገና ጨርቁን ሳያነሡ፣ ገና ማብሪያውን ሳይነኩ፣ ድምፁ ጀመረ። ጨርቁ ከእያንዳንዱ ሦስተኛ ምት በኋላ፣ ተኝቶ የሚተነፍስ ሰው ደረት ላይ እንዳለ ጋቢ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል። መሪጌታ በሁለት ጣታቸው ጫፉን ይዘው ገፈፉት። አላጠፉትም፤ ወለሉ ላይ ጣሉት።

ያን ጊዜ ተሸነፉ። ስሙን እጽፈዋለሁ አሉ፤ እጽፈውና ይገላግለኛል። ማብሪያውን ተጭነው፣ መዝገቡን ከፍተው፣ የሰማንያውን ዝርዝር አወጡ። ሠላሳ ስም አለ። ጣታቸውን በሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ አኖሩ፤ እዚያው ቆመ። የሚጽፉት ስም አልነበራቸውም። ስሙ ሳይነበብ ዐመድ ሆኖ በመስኮቱ ወጥቷል።

ወደ መስኮቱ ሄደው መስታወቱን በክንዳቸው ጠረጉ። ወይዘሮ አንጓች በደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ፣ አንድ ክንፉ በተሰበረ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በሦስት ሰዓት መጥተው የስድስት ሰዓቱን ቅዳሴ ይጠብቃሉ። ከጽሕፈት ቤቱ ደፍ እስከ እግራቸው አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እናቴ ያን ስም ይድገሙልኝ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ነገር ግን አለኝ ብለዋል። የለኝም ካሉ የት ሄደ ይባላሉ፤ የት ሄደ ከተባሉ ደግሞ ጧፉ ይመጣል። መሪጌታ ትንፋሻቸው መስታወቱን መልሶ እስኪያደበዝዘው ቆመው አዩአቸው። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ገብረ መድኅን ብለው ጻፉ። ሁለት የተጣደፈ፣ አንድ የዘገየ። አጠፉት። ወልደ ሰንበት አሉ። ሁለት የተጣደፈ፣ አንድ የዘገየ። ኃይለ ሚካኤል፤ ተስፋ ኢየሱስ፤ ፍሥሐ ጽዮን። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ፣ ለመጨረሻዋ ፊደል እንኳ ዕረፍት ሳይሰጥ፣ ይንኳኳል። ከመነሻው ይመልሳሉ፤ ይንኳኳል። የጠረጴዛው እግር ሲሚንቶውን ይፍቃል። በብርጭቆው ያለው ውሃ በሦስት ሦስት ክብ ይረበሻል። ላባቸው ከጥምጥማቸው ሥር ወርዶ ዐይናቸውን አቃጠለው፤ ጣታቸው የሚመታውን ፊደል ማየት እስኪሳናቸው ድረስ ያውቁት የነበረውን የቅዱሳን ስም ሁሉ፣ ገብረ ብለው፣ ወልደ ብለው፣ ኃይለ ብለው አንድ ባንድ አቀረቡ። የሣጥኑ ጎን በየምቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ምስር በምታህል እብጠት ይወጠር ጀመር። ብሎኑ በጎደለበት ማዕዘን ብረቱ ተላቅቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፈተ፤ በክፍተቱም ውስጥ ሽቦ ሊኖር በሚገባበት ጨለማ፣ ቀይ አፈር የነካው የነጭ ሸማ ጥለት አንድ ጊዜ ታይቶ ወደ ውስጥ ተጎተተ።

መሪጌታ አልጮኹም። አንድ ነገር ትዝ አላቸውና እንደ ተንኮለኛ ሰው ፈገግ አሉ። ጤነኛ መሆኑን እርግጠኛ የሆኑበትን ያስገቡና ይሞክሩ ብላቸዋለች ያች ሴት። የዚያ ሰው እንዳልሆነ እርግጠኛ የሆኑበት ስም አንድ ብቻ ነው። በዚያም ቢንኳኳ፣ ነገሩ ከንቱ ጩኸት ነው፤ ምንም አያርም፣ ማንንም አያውቅም። ጣታቸውን ዘርግተው በሠላሳ አንደኛው መስመር አጽቀ ሥላሴ ብለው ጻፉ።

ዝም አለ።

ዝናቡ ብቻ በጣሪያው ላይ ይሰማ ነበር። መሪጌታ እስኪደክማቸው ጠበቁ። የማራገቢያው ለስላሳ ሹክሹክታ፣ የስምንት ዓመቱ፣ የቀድሞው፣ ተመልሷል። ስሙን ሊያጠፉት ጣታቸውን አስጠጉ፤ አንድ ፊደል እንደ ጠፋ ሦስቱ ምት ከበፊቱ ሁሉ በረታ፤ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ፊደሉን መለሱ። ዝም አለ።

በሩ ተከፈተና ቄሰ ገበዝ ይትባረክ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። «መሪጌታ፣ ልንገባ ነው። ዝርዝሩስ?»

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስድስት ሞላ እንጂ፤ ደወሉን አልሰሙም?» ጆሮአቸውን ወደ ሣጥኑ ዘንበል አደረጉ። «ምነው ዶሮዎ ዝም አለች? ዳነ እንዴ ሕመምተኛው?»

«ድኗል» አሉ መሪጌታ። የፕሪንተሩን ቁልፍ ተጫኑ፤ ወረቀቱ ሞቆ ወጣ። ለቄሰ ገበዙ ሲሰጡ በልባቸው፣ ለሕያው ሰውም ቢሆን መጸለይ ነውር የለውም፤ ማን እንደ ታሰበ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለሴትዮዋም መሣሪያው ተሳስቷል እላታለሁ አሉ። በሩን ቆልፈው ቁልፉን ካንገታቸው አሠሩ።

በቅዳሴው በልማዳቸው ቦታ፣ በስተቀኝ ካለው ዐምድ ሥር፣ በድንጋዩ ወለል ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የረጠበ ሸማ ይሸታል። ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ገልጠው ንባቡን ጀመሩ፤ ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ እግዚኦ ይላል። ወይዘሮ አንጓች በሴቶች በኩል አንገታቸውን አቅንተው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። «አጽቀ ሥላሴ» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።»

«እግዚኦ» አለ ሕዝቡ።

ወይዘሮ አንጓች ጣታቸው ባየር ላይ ቀረ። ወረቀቱ ሲታጠፍ አዩ። ከዚያ የተሸከመው ነገር እንዳቃተው ሰው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በመሪጌታ ላይ ያን ጊዜ አንድ ብርድ ከእግራቸው ጫፍ ጀምሮ ወጣ። ከሸማቸው ውስጥ፣ ከገዛ ደረታቸው፣ የተገለበጠ የቀይ አፈር ሽታ ሸተታቸው። ስህተት ነው ሊሉ ፈለጉ፤ ይመለስ፣ እንደገና ይነበብ፣ ያ ስም የሟች አይደለም፣ የሟቹን ስም ከዚያች ሴት ጠይቁ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ከጎናቸው የቆመው ዲያቆን ዘወር ብሎ በመሪጌታ በኩል አሻግሮ ዐምዱን አየ፤ ባዶ ቦታ ያገኘ መስሎትም ግማሽ እርምጃ ወደ እሳቸው ገባ። በዋርካ አምባ ደግሞ ስሕተት በአፍ አይታረምም። መሪጌታ ልሳነወርቅ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መቋሚያቸውን እንደ ዐዋቂ ከፍ አደረጉና በሙሉ ኃይላቸው ድንጋዩን መቱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ድንጋዩ ምንም አልተናገረም፤ ግን ከግቢው ማዶ፣ ቁልፉ ካንገታቸው ካለው ከተዘጋው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ ሕዝቡ ሁሉ ሰምቶ ዘወር አለ፤ ምቱም እኩል እኩል ነበር፣ አያነክስም።